ሸክም ሁሉ በአንዱ

«የፕሮሰሰሩን አማካይ ማን ጠየቀህ? እያንዳንዱን ኮር ለየብቻው አሳየኝ ነው ያልኩህ!» አለች ተርብ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ላይ ሳትነቅል።

የእህቷ ባል ኪቦርዱ ላይ እንዳጎነበሰ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። የማሽኖቹ የይለፍ ቃል ከሱ በቀር በማንም እጅ የለም። ስለዚህ እሷ ታዝዛለች፣ እሱ ይተይባል። ባለፈው ዓመት እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ አዛዡ እሱ ነበር፤ ይቺ የዛሬዋ ብቻ ለተርብ ግማሽ ክፍያ ናት።

«ብታዪውም ያው ነው» አለ። «ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ነው። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ መሰለሽ። ችግሩ ያለው ድራይቨሩ ላይ ነው።»

«የትኛው ድራይቨር? የኔው ነው ወይስ እኔን አባራችሁ ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሳችሁበት?»

ጥያቄዋን አልፎ መተየቡን ቀጠለ። ምን ብሎ ይመልሳል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ የሆስፒታሎችን የራጅና የስካን ምስሎች ያከማቻል። አንድ ሐኪም ምስል ሲጠራ፣ ከዚህ ክፍል ጀርባ ከሚያጉረመርሙት ማሽኖች በፈጣን ኔትወርክ ተጉዞ እፊቱ ይከፈትለታል። ማሽኑን ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ያንን ድራይቨር የጻፈችው ተርብ ናት፤ ዓይኗ እስኪቀላ፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ጽፋዋለች። ተርብ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ምላሷ ስለሚናደፍ። እሷም ወድዳው ቀረች።

ከዚያ ምስሎቹ መንቀርፈፍ ጀመሩ። የቴክኒክ ኃላፊው፣ ማለትም የእህቷ ባል፣ የፕሮሰሰሩን፣ የማሽኑን አንጎል ማለት ነው፣ አማካይ ጫና አየና «ማሽኑ ሥራ ፈት ነው፤ ብልሹው ድራይቨሩ ነው» ብሎ ፈረደ። ተርብ «አንዴ ማሽኖቹን ልያቸው» ብላ ለመነችው። ከለከላት። በሳምንቱ መታወቂያዋን ጥበቃው ተቀበላት። ሙያው እንደሆነ ትንሽ መንደር ነው፤ ወሬው ከሷ ቀድሞ እየደረሰ፣ ማመልከቻ ባስገባችበት ሁሉ «እንደውልልሻለን» ብቻ ሆነ መልሱ። እስከ ዛሬ የደወለ የለም።

ይሄን ሁሉ በዋጠችው ነበር። ያልተዋጠላት ሌላ ነው። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገቻት፣ ጸጉሯን እየጎነጎነች ትምህርት ቤት የላከቻት ታላቅ እህቷ፣ ባሏን አመነች። «ቤተሰብ ናት ብሎ አስቀጠረሽ፤ አሳፈርሽው። ሂጂና ይቅርታ ጠይቂው» አለቻት። ተርብ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእህቷን ደጅ አልረገጠችም። የእህቷን ባልም «ጋሼ» ማለት ትታለች።

አዲሱ ድራይቨር ተገዝቶም ምስሎቹ ያው ሲንቀረፈፉ፣ ዳይሬክተሯ ራሳቸው ደወሉላትና «አንድ ቀን መጥተሽ እዪልን» አሏት። መጣች። ለገንዘቡ አይደለም፤ ሰው ሲጠይቃት ለገንዘቡ ነው ትላለች እንጂ። ለበቀል ነው የመጣችው። እህቷ ከባሏ አፍ «ጥፋቱ የሷ አልነበረም» የሚል ቃል እንድትሰማ ነው። ይቺን ብቻ።

«ይኸውልሽ» አለ የእህቷ ባል። የኮሮቹ ዝርዝር ስክሪኑን ሞላው።

ተርብ ሳቋ አመለጣት። መቼም የፕሮሰሰር ኮሮች ማለት ጎን ለጎን የተሰለፉ ሠራተኞች ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ አንዱ፣ የመጀመሪያው፣ ኮር ዜሮ፣ እስከ ጣሪያው ቀልቷል። የቀሩት እግራቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። የአንዱ ላብ ለሁሉም ሲካፈል አማካዩ ምንም አይመስልም፤ የእህቷ ባል ዓመት ሙሉ ሲያይ የከረመው እሱን ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው።

«አሁን ደግሞ ጥሪዎቹን አሳየኝ።»

ማሽኑ ውስጥ ያለው የኔትወርክ ካርድ ዳታ በመጣለት ቁጥር «ተቀበለኝ» ብሎ አንዱን ኮር ይጠራል። የእህቷ ባል ተየበ። ጥሪው ሁሉ ወደ ኮር ዜሮ ነበር። ወደሌሎቹ ዝር ያለ የለም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለች ተርብ። «ሎሚውን ሁሉ ለአንድ ምስኪን አሸክማችሁት፣ እሱ ሲያቃስት እኔን አባረራችሁ። ይሄ በራሱ አይሆንም፣ አስሮት የሄደ ሰው አለ። ማሽኑ ሲነሣ የሚያነብበውን ፋይል ክፈተው።»

ከፈተው። መስመሮቹን ወደ ታች ሲያንሸራትት ቆየና ጣቱ በድንገት ቆመ። ጥሪዎቹን በሙሉ ከኮር ዜሮ ጋር የምታስር አንዲት አጭር መስመር ነበረች። ተርብ መስመሯን ትታ ፊቱን አየች። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ክፍሉ ግን ለማሽኖቹ ሲባል ብርድ ነው።

«ያኔ... ትልልቆቹ ደንበኞች ፍጥነቱን ሊያዩ የመጡ ቀን...» አለ።

መጨረስ አላስፈለገውም። ፍጥነት የሚለካ ሰው ቁጥሩ እንዳይዋልልበት ጥሪዎቹን ለጊዜው ከአንድ ኮር ጋር ያስራል። ነውር የለውም፣ ሁሉም ያደርገዋል፤ ለክቶ ሲያበቃ ደግሞ ይፈታዋል። እሱ ግን በደንበኞቹ ፊት እንዳይዋረድ ፈርቶ፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ራሱን በራሱ እንዲያስር አድርጎ ጻፈው። ደንበኞቹ አጨበጨቡለት፣ ምሳ ተጋበዘ፣ ረሳው። ያን ጊዜ ምስሎቹ ጥቂት ስለነበሩ አንዱ ኮር ቻላቸው። ሆስፒታሎቹ ሲበዙ አንዱ አቃተው።

«ረስቼው ነው» አለ። «እውነቴን ነው የምልሽ፣ ረስቼው ነው።»

«አምንሃለሁ። ይሄን ረስተኸዋል። እኔን ማባረሩን ግን አልረሳህም።»

በሩን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ ቤተሰብ ነን። አስተካክለነው ዝም እንበል። ለዳይሬክተሯ የሆነ የሴቲንግ ችግር ነው እላቸዋለሁ። አንቺንም ወደ ሥራሽ እመልስሻለሁ፤ ደመወዝሽንም አስጨምራለሁ። ምን ትያለሽ?»

ተርብ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ አለች።

«ሻይ አለ?» አለች።

«ምን?»

«ሻይ። ስኳር አታብዛበት።»

የቴክኒክ ኃላፊው ሻይ ሊያመጣ ወጣ። የድርጅቱ ሰው ይሄን ቢያይ ምን ይል ነበር! መፍትሔው አንድ መስመር ማጥፋትና ሁለት ትእዛዝ መተየብ ነው። እጇ ግን አልተንቀሳቀሰም። እዚያ ቀይ ኮር ላይ ዓይኗን ተክላ፣ የሰውዬውን ላብ እያሰበች፣ ደስ አላት። በጣም ደስ አላት። ይጨነቅ! እሷ ዓመት ሙሉ አልተጨነቀችም?

ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት።

«እትዬ።»

«እዚያ ነሽ አሉ።»

«ነኝ።»

«እሱ ነው የነገረኝ። እንቅልፍ እንኳ አልወሰደውም ትናንት። የኔ ልጅ፣ በሞቴ፣ እዚያ ሰው ፊት እንዳትናገሪው። አንዴ አሳፍረሽዋል፤ ይበቃዋል።»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ባይሆንስ?»

«ተይ እንግዲህ! እንደገና ልንጀምረው ነው? ሰው ነሽ፣ ተሳሳትሽ። ያኔውኑ ጥፋቴ ነው ብትይ ኖሮ ይሄ ሁሉ መቼ ይመጣ ነበር? እሱ እንኳን ረስቶልሻል።»

«እሱ መርሳትማ ይችልበታል።»

«አየሽው ምላስሽን? አየሽው?» እህቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ድምፅዋ ለዘብ አለ። «ልጆቹ አክስታችን የት ሄደች እያሉ ያስቸግሩኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ቅዳሜ እንኳ ብቅ በይ።»

«ባልሽ ነው ያሰረው» የሚለው ቃል ተርብ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መለሰችው። ከሷ አፍ የወጣ ነገር ለእህቷ ሰበብ ነው፤ ስትናገር ሰበብ፣ ስታለቅስ ሰበብ። እህቷን ሊያሳምናት የሚችል አንድ አፍ ብቻ አለ፣ እሱም አሁን ሻይ ሊያመጣ ሄዷል።

«እስቲ አያለሁ፣ እትዬ» ብላ ዘጋችው።

ሻዩ መጣ። ተርብ ፉት አለች፤ ተዝናንታ፣ እያጣጣመች። የእህቷ ባል አጠገቧ ቆሞ እጁን ያፍተለትላል።

«እንግዲህ ተስማማን? ልፍታው?» አለ።

«ቁጭ በል። ምን አስቸኮለህ? ዓመት የታገሠ ሰው።»

የጠረጴዛው ስልክ ደወለ። አነሣውና ተደናግጦ በድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው። የሴት ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ የሰዎች ጥድፊያ ይሰማል።

«ከድንገተኛ ክፍል ነው! የአንድ ታካሚ የጭንቅላት ስካን ከግማሽ በላይ አልከፈት ብሎኛል። ሰውዬው የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚደማው በየት በኩል እንደሆነ ሳላይ ልገባ አልችልም። ኧረ በፈጠራችሁ!»

ተርብ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ሻዩ ተደፋ። እሷ ለካ እየጠጣች ያለችው በዚያ ሰውዬ ደቂቃ ነው። ቂሟ ከእህቷ ባል ጋር ነው፤ ስሙን እንኳ ከማታውቀው፣ ጭንቅላቱን ይዞ ከተጋደመ ሰው ጋር ምን ጉዳይ አላት? በራሷ ላይ ተናደደች። «እኔም ከሱ አልሻልም» አለች በሆዷ።

«ተነሥ ከዚህ!» ብላ የእህቷን ባል ከነወንበሩ ገፋችውና ኪቦርዱን ያዘች። ማሰሪያዋን መስመር አጠፋች። ጥሪዎቹን ለሁሉም ኮሮች በተናቸው። ተኝተው የነበሩት አንድ በአንድ ቀና ቀና አሉ፤ ቀዩ ኮር ወረደ፣ ተንፈስ አለ።

«ተከፈተ!» አለች ሐኪሟ። «ተከፈተ፣ ተከፈተ! ሁሉም ይታየኛል!» ስልኩ ተዘጋ።

ተርብ የተደፋውን ሻይ በእጅጌዋ ጠረገች። የእህቷ ባል ደግሞ፣ ቀስ እያለ፣ ትከሻው ቀና ሲል አየችው። ገብቶታል። መፍትሔውን በነጻ ሰጥታለች፤ ከእንግዲህ የምትደራደርበት ነገር የላትም።

ዳይሬክተሯ ሳያንኳኩ ገቡ። መነጽራቸውን ጸጉራቸው ላይ ሰክተው፣ ጫማቸውን እያንቋቁ የሚሄዱ ደልደል ያሉ ሴትዮ ናቸው።

«ሆስፒታሉ ደወለልኝ፤ በረረ ነው ያሉኝ! ምን ነበር?»

«ተባብረን አገኘነው» አለ የእህቷ ባል፣ ከተርብ ቀድሞ። «ከድሮው ድራይቨር ተርፎ የቀረ ሴቲንግ ነው። እሱ ነው አዲሱንም ሲያበላሽብን የከረመው። መቼም የራሷ ሥራ ስለሆነ ቶሎ አወቀችው፤ ላመሰግናት ይገባል።»

ወይ ጉድ! ተርብ ጆሮዋን ማመን አቃታት። የዓመቱ አልበቃ ብሎት ዛሬም? እዚሁ፣ እፊቷ? ደሟ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። መሳደብ አምሯት ነበር፤ ስድቡም ተዘጋጅቶ፣ ተሰልፎ ቆሟል። ነገር ግን ብትሳደብ ያው ምላሰኛዋ እሷ፣ ትዕግሥተኛው እሱ ሊሆኑ ነው።

«አንዴ ይቀመጡልኝ» አለች ለዳይሬክተሯ። «ለሙከራ ያስቀመጣችሁት ማሽን አለ አይደል? እሱ ላይ የኔን ድራይቨር ልጫንና ይዩት። አሮጌውን፣ ብልሹ የተባለውን።»

«ምን ያስፈልጋል፣ ተገኝቶ የለ?» አለ የእህቷ ባል።

«አሳዪኝ» አሉ ዳይሬክተሯ፣ መነጽራቸውን ከጸጉራቸው ወደ ዓይናቸው እያወረዱ።

ጫነችው። አሮጌው ድራይቨር ያለማሰሪያዋ መስመር ምስሎቹን እንደ ውሃ አፈሰሳቸው። ከዚያ ያቺን አንዲት መስመር ጨመረችና ማሽኑን አጥፍታ አስነሣችው፤ ማቃሰት ጀመረ። ድራይቨሩን አውጥታ አዲሱን ውዱን ተካችበት፣ መስመሯ እንዳለች። እሱም ተንፏቀቀ።

«ድራይቨሩ የኔም ይሁን የሰው፣ ይቺ መስመር ካለች ይሄው ነው» አለች ተርብ።

ዳይሬክተሯ ፕሮግራም አይጽፉም፤ ሰው ማንበብ ግን ያውቃሉ። ስክሪኑን ትተው ወደ እህቷ ባል ዞሩ።

«ይቺን መስመር ማን ጻፋት?»

የእህቷ ባል ጫማውን አየ። ተርብ አልረዳችውም።

«የማሽኖቹ የይለፍ ቃል ያለው ማን ጋ ነው?» አሉ እንደገና።

«እኔ ጋ ነው።»

«እሱን መቼ አጣሁት። መስመሯን ማን ጻፋት ነው ያልኩት።»

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ከማሽኖቹ ጉርምርምታ በላይ አልወጣም። «ለሙከራ ብዬ ነበር። ረሳሁት።»

«ማሽኖቹን ልያቸው ብላ የለመነችህስ ጊዜ? ያኔ አሳይተሃት ቢሆን?»

ዳይሬክተሯ መልሱን ሳይጠብቁ ተነሡ። «ነገ ጠዋት ቢሮዬ እጠብቅሃለሁ» አሉት፣ ሳይጮኹ። ወደ ተርብ ዞረው ግን ለመናገር ትንሽ ተቸገሩ። «እኔም የሰማሁትን ሳላጣራ ፈርሜብሻለሁ። በድለንሻል። ያመለከትሽባቸውን ድርጅቶች ስም ስጪኝ፤ ለእያንዳንዳቸው ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።» እጇን ጨብጠዋት ወጡ። የጫማቸው ድምፅ ኮሪደሩ ላይ እየራቀ ሄደ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ተርብ ስሟ ተመለሰላት። አንጀቷ ቅቤ መጠጣት ነበረበት። ጠጥቷልም፤ ግን ግማሹን ያህል ብቻ።

የእህቷ ባል ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ተቀምጧል። ክራቫቱን ፈታ አደረገ። ባንድ ጊዜ ያረጀ መሰለ።

«ይኸው ተበቀልሽ» አለ። «ረካሽ?»

«ገና ነኝ።»

ቀና ብሎ አያት። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው፣ ፊቱም አመድ ለበሰ።

«የለም» አለ። «እሱንስ ተዪኝ። ሥራዬን ልጣ፣ ግድ የለም፤ እዚህ ያለው ሁሉ ይሳቅብኝ። እህትሽን ግን ተያት። ምን አደረገችሽ? እሷ እኔን አምና የኖረች ሰው ናት።»

«እኔንም ታምነኝ ነበር።»

«ማታ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። በልጆቼ እምልልሻለሁ፣ እነግራታለሁ።»

«ማታ ከድሮው ድራይቨር የተረፈ ሴቲንግ ነው ትላታለህ። ቅድም እዚህ፣ እኔ እፊትህ ቆሜ እንኳ ብለሃል። እኔ በሌለሁበት ቤትማ ምን ልትል ነው?»

እጁን ዘርግቶ እጇን ሊይዝ ሞከረ። «ቤት እንዳታፈርሺብኝ» አለ። «የእህትሽ ቤት እኮ ነው።»

ይሄኛው ነካት፤ አልነካትም ማለት ውሸት ነው። ያ ቤት እሷም ያደገችበት ነው። እህቷ ዛሬ የምትሰማውን ከሰማች በኋላ ማታ ለዚህ ሰውዬ እራት ስታቀርብለት ታያት። ወይም ሳታቀርብለት። ልጆቹም አሉ። አንድ «ይቅር» የሚል ቃል ብትተነፍስ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል፤ ስሟ በእጇ ነው። ለእህቷ ግን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ «አጥፍታ ይቅርታ ያልጠየቀች» ሆና ልትቀር ነው። ይሄን አልቻለችም። አልፈለገችምም።

ስልኳን አወጣችና ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ደወለች። የእህቷ ባል ዓይኑን ጨፈነ።

«ወዬ፣ የኔ ልጅ!» አለች እህቷ፤ ገና ከመነሣቱ ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። «ደህና ነሽ? ጨረሳችሁ? አልተናገርሽውም አይደል?»

ተርብ አልመለሰችላትም። ስልኩን ለእህቷ ባል ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። እጁን ይዛ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

«ሄሎ? ምነው ዝም አልሽ? ኧረ በሰላም ነው?» አለች እህቷ።

ስልኩን መልሳ መቀበል ትችል ነበር። ወንበሯን ስባ፣ እስኪናገር ልትጠብቅ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።